ሲግድ በዳይሞንጂ ተራራ

ሲግድ ብቻን የሚከበር በዓል አይደለም። ሰንበትን አንድ ሰው በጓዳው ሊያከብራት ይችላል፤ ጾምም በዝምታ ይጾማል። ሲግድ ግን ተራራ ይፈልጋል። ኦሪቱን ይዞ የሚወጣ ቄስ ይፈልጋል። ከንባቡ ሥር ሥር «አሜን» የሚል ሕዝብ ይፈልጋል። ባሕር ማዶ የሚማርን ሰው «በዓል እኮ በልብ ነው» ብለው የሚያጽናኑ ብዙ ናቸው። በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በልብ ብቻ የተያዘ በዓል ለልጅ አይተላለፍም። አያቶቼ ይህን ስለሚያውቁ ነው ከየመንደሩ ተጠራርተው፣ ሩቅ ያለውም ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ አንድ ተራራ ላይ ይገናኙ የነበረው።

ስለዚህ በ2022 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ከተማ ሆኜ የሲግድ ቀን ሲቃረብ ያስጨነቀኝ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ከማን ጋር ልውጣ የሚለው ነበር።

ሲግድን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የቤተ እስራኤል በዓል ነው። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት ሰባት ሳምንት እንደሚቆጠር፣ ከአስተሰርዮ እስከ ሲግድም ሰባት ሳምንት ይቆጠራል፤ አስተሰርዮ ዛሬ በእስራኤል ዮም ኪፑር የምንለው ነው። ሲግድ የሚውለው ሔሽቫን የሚባለው ወር በገባ በ29ኛው ቀን ነው። ጧት ጾመኛው ሕዝብ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል። ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው የሚሸከም ብዙ ነው፤ በፈጣሪ ፊት ራስን ዝቅ ለማድረግ። ቄሶቹ በጥላ ሥር ቆመው በግእዝ ያነባሉ፤ ንባቡ ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ሕጉ በሲና ተራራ የተሰጠበት ታሪክ ይነበባል። ዕዝራና ነህምያ ከባቢሎን የተመለሰውን ሕዝብ ሰብስበው ሕጉን ያሰሙበት ታሪክም ይነበባል። ይሰገዳል፣ ይለቀሳል፣ ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይለመናል። ቀትር ሲያልፍ መለከት እየተነፋ ይወረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ዳቦ ነው፣ ጠላ ነው፣ እስክስታ ነው። በጎንደር ዙሪያ ሕዝብ ይወጣባቸው ከነበሩት ሥፍራዎች ስሙ በጣም የሚነሣው አምቦበር ነው። የአያቴ አገርም እሱ ነው።

እኔ አምቦበርን አላየሁትም። ቤተሰቤ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.፣ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ነው እስራኤል የገባው። እኔ ከዚያ በኋላ ረሖቮት ተወለድኩ። አያቴ «አማርኛ የማያነብ ልጅ አያቱን ግማሹን ነው የሚያውቀው» እያለ ፊደል አስቆጠረኝ፤ ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። የማውቀው ሲግድ የኢየሩሳሌሙ ነው፤ የአርሞን ሃናጺቩ። ከየከተማው አውቶቡስ ይሞላል፤ እናቶች ሌሊት ተነሥተው ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ ቄሶቹ በዚያ መናፈሻ ላይ ቆመው አሮጌዋን ከተማ ቁልቁል እያዩ ይጸልያሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክነሴት፣ ሲግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን ይበዛል፣ ንግግር ይበዛል። ንግግሩ ቢያጥርና ንባቡ ቢረዝም እመርጣለሁ። ወጣቱ የግእዙንም የአማርኛውንም ንባብ ሳይሰማ ከዳር ከዳር ሲሳሳቅ ውሎ ነው የሚመለሰው፤ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም።

የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚያው መናፈሻ ላይ አያቴን ጠየቅኩት። ኢየሩሳሌም ይችውና ከፊታችን ናት። ደርሰናል። ታዲያ አሁንም እያለቀስን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን የምንለው ለምንድን ነው? አያቴ ወደ ከተማዋ ሲያይ ቆየና «ገና ነን» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ፤ ጥያቄው ከእኔ ጋር ቀረ።

ለማስተርስ ትምህርት ኪዮቶ የገባሁት በ2022 ሚያዝያ ነው። ጃፓን በወረርሽኙ ምክንያት ዘግታው የነበረውን በር ለተማሪዎች በከፈተች ሰሞን። ሰው ሁሉ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ይጠይቀኛል። እንግድነት የተሰማኝ ግን ከሁሉ ይበልጥ በጊዜ አቆጣጠሩ ነው። እስራኤል ውስጥ በዓል ራሱ መጥቶ ይወስድሃል። ሰንበት ሲገባ አውቶቡስ ይቆማል፤ በዮም ኪፑር አውራ ጎዳናው ላይ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል፤ የማያምነው ሰው እንኳ ቀኑን ከመንገዱ ዝምታ ያውቀዋል። ኪዮቶ ግን የራሷ ቀን የሞላላት ከተማ ናት። በፈረንጆቹ ነሐሴ 16 ማታ ከተማዋን በከበቡት ተራሮች ላይ እሳት ይለኮሳል፤ ለጥቂት ቀን ወደ ቤታቸው መጥተዋል የተባሉትን የሙታን ነፍሳት መሸኛ ነው። ከእሳቶቹ ሁሉ የታወቀው ዳይሞንጂ ተራራ ላይ የሚነደው፣ «ትልቅ» የሚል ፊደል የሚሠራው ነው። በዚያ ማታ ከካሞ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽቅብ ሲያይ ሳይ፣ የራሴ ሕዝብ በዓል በዚህ አገር ማንም ሳይለኩሰው እንደሚያልፍ ገባኝ። እዚህ ቀኑን ካልቆጠርኩት ቀኑ የለም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከዮም ኪፑር ነውና ዮም ኪፑርን ኮቤ ሄጄ ዋልኩ። ከኪዮቶ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኪታኖ የሚባለው ሰፈር ዳገት ላይ ኦሄል ሸሎሞ የሚባል ምኩራብ አለ። እዚያ ያገኘኋቸው ነጋዴዎች፣ መንገደኞች፣ ከጃፓናውያን ጋር የተጋቡ፣ እንደኔ ተማሪ የሆኑ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ እንጂ እንዴት አይሁድ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ለሌላው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የእኛ ልጆች ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ።

ኮቤ ለአይሁድ ታሪክ እንግዳ አይደለችም። በ1940 ሊቱዌኒያ ካውናስ ከተማ የነበረው የጃፓን ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ፣ መንግሥቱ እየከለከለው፣ ከሁለት ሺህ በላይ የመሸጋገሪያ ቪዛ በእጁ እየጻፈ ሰጠ። በዚያ ቪዛ ሳይቤሪያን ተሻግረው በጹሩጋ ወደብ የገቡት ስደተኞች ያረፉት ኮቤ ነው። በ1941 መኸር ላይ፣ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ከሄዱ በኋላ፣ በከተማዋ የቀሩት ጥቂቶች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። ቀኑ የሚቀየርበት የምድር መስመር የት ጋ ነው? ጃፓን ከመስመሩ ወዲህ ናት ወይስ ወዲያ? እንደ መልሱ ዮም ኪፑር ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይውላል። ወደ ኢየሩሳሌም ቴሌግራም ላኩ። ዋና ራቢው ይስሐቅ ሄርዞግ ሊቃውንትን ሰብስበው ረቡዕ ነው አሉ፤ ኻዞን ኢሽ በሚል ስም የሚታወቁት ታላቁ ራቢ አብርሃም ይሻያ ካሬሊትዝ ደግሞ ሐሙስ ነው አሉ። ሞት ከኋላው እያሳደደው የመጣ ሰው፣ በማያውቀው አገር ተቀምጦ፣ ጭንቁ የትኛው ቀን ትክክለኛው እንደሆነ ማወቅ ነበር። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ቀን መቁጠርን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። የእኛ ቄሶችም ከሌላው አይሁድ ተለይተው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ቴሌግራም የሚልኩበት የላቸውም ነበር፤ ጨረቃዋን እያዩ ራሳቸው ይቆጥሩ ነበር።

ስቆጥር 29ኛው ሔሽቫን ኅዳር 23 ቀን 2022፣ ረቡዕ ዋለ። ያ ቀን በጃፓን ሠራተኛ የሚመሰገንበት ሕዝባዊ በዓል ነው፤ ሥሩ ጥንታዊ የአዝመራ ምስጋና ነው። ትምህርት የለም። እንደ ምልክት ቆጠርኩት። ተራራውን ወዲያው መረጥኩ፤ ዳይሞንጂ ከዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው። ሰው ግን አልነበረኝም። ኮቤ ያሉት ሲግድን ሰምተውት አያውቁም፤ በበዓል ቀን ሥራ የማይዘጋም ብዙ ነው። ቄስ የለም። በእኛ ዘንድ ጸሎቱን በግእዝ የሚያውቁት ቄሶች ናቸው፤ ሕዝቡ ይከተላል። ግእዝ ለማንበብ ሞክሬ ነበር፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ንባቡ ግን አፌ ላይ ይሰበራል።

ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነበሩት። አንደኛው ከደብረ ታቦር የመጣ ነው፤ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ዲቁና የተቀበለ፣ ኋላ ወደ አስኳላ የዞረ፣ ያን ጊዜ ለዶክትሬት የሚማር። ስለ ሲግድ ስነግረው ከአፌ ላይ ነጠቀኝ፤ «ኦሪቱን እኔ አነብልሻለሁ። ዳዊቱን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ዘጸአትንም በስልኬ ይዤዋለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። የሚያነበው ያንኑ ኦሪት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤተ እስራኤል የምታነበው የግእዝ ኦሪት ቤተ ክርስቲያን ከምታነበው ትርጉም የተለየ አይደለም። ግን የጎንደርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ዝምታዬ ይገባዋል። የእኔ ሰዎች ርስት የሌላቸው፣ ብረት ቀጥቅጠው ሸክላ ሠርተው የሚያድሩ፣ ቡዳ የሚባሉ ነበሩ። የእኔ ሰዎችም በበኩላቸው ከሌላው ሕዝብ ጋር ተነካክቶ የመጣ ሰው በውሃ ሳይነጻ ወደ ቤት አያስገቡም ነበር። የክርስቲያን ዲያቆን ለሲግድ ኦሪት ያነባል ቢባል በአያቴ መንደር ማን ያምናል?

ልጁ ዝምታዬን አየና ያልጠበቅኩትን ተናገረ። «እናቴ ልጅ እያለሁ ከቀጥቃጭ ቤት ውሃ እንዳልጠጣ ታስጠነቅቀኝ ነበር» አለ። «ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።» ይቅርታ አልጠየቀም፤ ምክንያትም አልደረደረም። እኔም እውነቱን ስለነገረኝ ብቻ አመሰገንኩት።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ነገሩን አስረዳኋት። መልሷ ቶሎ አልመጣም።

«አያትሽ ቢኖር አይፈቅድም ነበር» አለች።

«አንቺስ እማ?»

«እኔማ… ኦሪቱ ያው ኦሪት ነው። ብቻሽን ከምትወጪ ይሻላል። ግን ስግደቱን ለብቻሽ አድርጊ፤ የሱ በሱ፣ ያንቺ ባንቺ።»

ይህ መልስ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አልወሰንኩም። ከቄሶቻችን መካከል የሚቃወም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ክርክራቸውንም አከብራለሁ። እኔ የእናቴን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ሦስተኛዋ ጓደኛችን ጃፓናዊት ናት፤ በላብራቶሪ ጎን ለጎን እንሠራለን። ተራራ ልወጣ መሆኑን ስትሰማ «ልምጣ?» አለች እንጂ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው ብላ አላስጨነቀችኝም። እንደምንጾም ስነግራት ቁርሷን ሳትበላ መጣች። ዲያቆኑ ደግሞ «ረቡዕ አይደል? እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 2015 ነበር፤ በማግስቱ የነቢያት ጾም ይገባል።

ከጊንካኩጂ ቤተ መቅደስ ጀርባ ካለው መንገድ ግርጌ እጄ የሚችለውን አንድ ድንጋይ አነሣሁ። ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። በበዓሉ ምክንያት የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ሽማግሌዎች ምርኩዝ ይዘው፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር። ያለፈን ሁሉ «ኮንኒቺዋ» ይለናል፤ ተራራ ላይ ለማያውቁት ሰው ሰላምታ መስጠት የጃፓኖች ወግ ነው። ድንጋዬን አዩ። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልጠየቀ። ጓደኛዬ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና እሷም ድንጋይ አነሣች። ዲያቆኑ ሁለት አነሣ፤ አንዱን ለአገሩ ሰላም እንደተሸከመው ኋላ ነገረን። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

በግማሽ መንገድ ላይ እሳቱ የሚነድበት ገላጣ ቦታ አለ። ኪዮቶ በሙሉ ከሥር ተዘርግታ ትታያለች። ለጸሎት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ እዚያ ግን አልቆምኩም። በፊደሉ መካከል፣ እሳቱ ከሚለኮስባቸው የድንጋይ ምድጃዎች አጠገብ፣ ኮቦ ዳይሺ የሚባለው የቡድሂስት መነኩሴ የሚከበርበት ትንሽ መቅደስ አለ። ሰዎች ለሙታናቸው እሳት የሚያነዱበትን ቦታ አከብራለሁ፤ ግንባሬን መሬት ላይ የማደርገው ግን በሌላ ሥፍራ መሆን ነበረበት። ይህን ለጓደኛዬ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ሳለሁ እሷ ቀድማ «የእናንተ ቦታ ከዚህ በላይ ነው አይደል?» አለችኝና መንገዱን መራችን። በጫካው ውስጥ አልፈን ጫፉ ላይ ወጣን፤ ከባሕር ጠለል በላይ 465 ሜትር ገደማ። ከዛፎቹ ፈንጠር ብለን ድንጋዮቻችንን አስቀመጥን።

ከዚያ ፊቴን ወዴት ላዙር? ከአምቦበር ኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ናት። ከአርሞን ሃናጺቭም ቢሆን የቤተ መቅደሱ ተራራ የሚታየው ወደ ሰሜን ነው። አያቴ እዚያም እዚህም በአንድ አቅጣጫ ሰገደ። እኔ ወደ ምዕራብ ዞርኩ፤ ከተማውን ተሻግሮ፣ ከማዶ ያሉትን ተራሮች ተሻግሮ፣ መላውን እስያ ተሻግሮ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢየሩሳሌም በዓይኔ የማላያት፣ ሩቅ የሆነች ከተማ ሆነችብኝ። አያቴ የሕይወቱን ግማሽ እንዲህ ነበር ያያት።

ዲያቆኑ የዘጸአትን 19ኛና 20ኛ ምዕራፍ አነበበ። ዜማው የእኛ አልነበረም፤ የእኛ ቄሶች ንባብ ሌላ መሄጃ አለው። ቃሉ ግን ያው ቃል ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ጩኸት መካከል ሲያልፍ የሰማሁት። ያለ ማጉያ፣ ከአንድ ሰው አፍ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ ሰማሁት። «አሜን» የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ጓደኛዬም ከእኔ እየሰማች ማለት ጀመረች።

የነህምያ ተራ የእኔ ሆነ። 8ኛውንና 9ኛውን ምዕራፍ በአማርኛ አነበብኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ያነባል። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፣ ያለቅሳል። በወሩ በ24ኛው ቀን ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ በራሳቸው ላይ ነስንሰው ይሰበሰባሉ። እነዚህ ሰዎች የት ነው ያሉት? ኢየሩሳሌም ናቸው። ባቢሎን አይደሉም። ተመልሰዋል፤ ቅጥሩን ሠርተው ጨርሰዋል። ከደረሱ በኋላ ነው የሚያለቅሱት። ወደ 9ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ስደርስ ደግሞ ድምፄ ተቆረጠ፤ ለአባቶቻችን በሰጠሃት ምድር ላይ ሆነን እነሆ ዛሬ ባሪያዎች ነን ይላሉ። በገዛ አገራቸው ቆመው።

አያቴ «ገና ነን» ያለኝ ይህን ነው። ሲግድ ኢየሩሳሌም ለመግባት ብቻ የሚለመንበት ቀን ቢሆን ኖሮ በ1991 ባበቃ ነበር። ንባቡ ግን ከጥንትም የተመለሱ ሰዎች ንባብ ነው፤ ቦታው ላይ ደርሰው እርስ በርስና ከፈጣሪያቸው ጋር ገና ያልደረሱ ሰዎች። ቤተ እስራኤል ይህን ንባብ ለምን እንደመረጠች ሊቃውንት ይናገሩበት። እኔ የማውቀው በ1996 ወገኖቼ የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል እንደነበር በተሰማ ጊዜ እናቴ አደባባይ መውጣቷን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወገኖቼ አንዱ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ፣ በ2019 ሌላው ልጅ በጥይት ሲሞት፣ ሁለቱንም ጊዜ እኔም ለተቃውሞ መንገድ ላይ ወጥቼ ነበር። አገራችን ናት፤ ስለምንወዳት ነው የምንጮኸው። ያ ጩኸትና የሲግድ ልቅሶ አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት ከአገሬ ርቄ፣ ቄስ በሌለበት፣ መጽሐፉን ራሴ ለማንበብ ስገደድ ነው። እስራኤል ብሆን ኖሮ ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር።

ሰገድኩ። ዲያቆኑ እናቴ እንዳለችው ፈንጠር ብሎ ቆሞ የራሱን ጸለየ። የጃፓኗ ጓደኛዬ ድንጋይዋ አጠገብ ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

ስንጨርስ ቀትር ነበር፤ እስራኤል ገና ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት። እናቴ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። በዚያ ዓመት በቤተሰባችን ሲግድን ቀድሜ ያደረስኩት እኔ ሆንኩ።

ቁጭ ብለን ስናርፍ ለጓደኛዬ አያቴ ልጅ ሆኖ የሚያደርገውን ነገርኳት። በአምቦበር ሰማይ ሽመላዎች ሲያልፉ ልጆቹ አንጋጠው ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቋቸው ነበር፤ ሽመላ ከሰሜን እንደምትመጣ ያውቃሉና። እሷ ፈገግ አለችና የተወለደችበት ከተማ ቶዮኦካ እንደሆነ ነገረችኝ። በጃፓን የዱር ሽመላ በ1971 ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በእርሻ መድኃኒት፣ በአደን፣ ረግረጉ በመድረቁ። የቶዮኦካ ገበሬዎች መድኃኒቱን ቀንሰው፣ የሩዝ ማሳቸውን ለወፎቹ የሚሆን ውሃ እየተዉበት፣ በ2005 ሽመላዎቹ ተመልሰው በሰማይ ላይ ተለቀቁ። በዚያ ቀን ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አያቷ ትከሻቸው ላይ አድርገው እንዳሳዩዋት ታስታውሳለች። አያቷ ሲያለቅሱ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው አለችኝ። ስለ ሲግድ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ነህምያ ሌላም ነገር ይላል፤ ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ። ክፍሌ ምድጃ የለውም። ዳቦውን ከዋዜማው ቡኮ አድርጌ በሩዝ መቀቀያው ጋገርኩት፤ የኮባ ቅጠል የለም፣ ጥቁር አዝሙድ ግን እናቴ ልካልኛለች። ሁለት ጊዜ ገልብጬው ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ከመሸ በኋላ ሦስታችን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠን የአርሞን ሃናጺቩን ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ስርጭት አየን፤ እነሱ በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ በጨለማ። ከነጭ ለባሹ ሁሉ መካከል እናቴን ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። ዳቦውን ቆርሼ ለሁሉም በር አንኳኳሁ። ማታ በአራት ሰዓት ጃፓን በዓለም ዋንጫ ከጀርመን ጋር ትጫወታለችና ፎቁ ሁሉ ነቅቶ ነበር። የማላውቃቸው ጎረቤቶቼ ዳቦዬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጎንብሰው አመሰገኑኝ፤ ጃፓን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ደግሞ አንደኛው መጥቶ በሬን አንኳኩቶ ከእነሱ ጋር እንድጮህ ጠራኝ። ሄጄ ጮህኩ።

እናቴ ከኢየሩሳሌም ተመልሳ ስትደውል ሌሊት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እኔ አይደለም።

«ልጁ እንዴት አነበበ?»

«በደንብ አነበበ፣ እማ። አልተደናቀፈም።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያው ስልኩን ስጪኝ። ሰው እንዲህ አድርጎልሽ ዝም ይባላል እንዴ?»

በማግስቱ ደወለችለት። እሱ እርስዎ እያለ፣ እሷ ልጄ እያለች፣ ለጾሙ መግቢያ መልካሙን ተመኝታለት፣ ብዙ ሰዓት አወሩ። ቄሱ የዘንድሮውን ነህምያ ከድምፅ ማጉያው ብልሽት የተነሣ በቅጡ እንዳላሰሙ ነገረችው፤ የተናደደችው በዚያ ነው። ደብረ ታቦር ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል ጠየቀችው። አምቦበርን ያውቀው እንደሆነ ጠየቀችው፤ አያውቀውም። በክረምት እረፍት አገሩ ሲገባ ጎንደር ላይ ወርዶ እንዲሄድላት፣ ሕዝቡ ይወጣበት የነበረውን ተራራ ከሥር ሆኖ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላት ቃል አስገባችው። ከጫፉ አይደለም፤ ከሥር፣ ሽቅብ እያየ፣ እሷ በልጅነቷ መውጣት ከምትጀምርበት ቦታ።